የካሎሪ ሠንጠረዡ ግራም ይጻፍበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጤና ዓምዳችሁ ክብደት ለመቀነስ ካሎሪ ለሚቆጥሩ አንባቢዎች ያወጣችሁትን ሠንጠረዥ አይቼዋለሁ። በቀኝ በኩል የተደረደሩት የካሎሪ ቁጥሮች አብዛኞቹ ትክክል ናቸው። የሚያሳስተው በግራ በኩል ያለው ነው፦ «ሩዝ 1 ኩባያ»፣ «ዘይት 1 ማንኪያ»፣ «ኦቾሎኒ 1 እፍኝ»፣ «ሙዝ 1 ፍሬ»። ሩዙ ጥሬ ይሁን የበሰለ አልተጻፈም። ማንኪያው የሻይ ይሁን የሾርባ አልተለየም። እፍኙማ የማን እጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ካሎሪ የሚቆጥር ሰው የሚሳሳተው ቁጥር ሲደምር ሳይሆን የበላውን መጠን ሲገምት ስለሆነ፣ ሠንጠረዡ ዳግም ከመታተሙ በፊት ሊታረም የሚገባውን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ከሩዙ ልጀምር። 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ የተሰፈረ ጥሬ ነጭ ሩዝ ወደ 185 ግራም ይመዝናል፤ ካሎሪውም 670 ገደማ ነው። በዚያው ኩባያ የተሰፈረ የበሰለ ሩዝ ደግሞ ወደ 158 ግራም ይመዝንና 205 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ሩዙ ሲበስል ካሎሪ አልጠፋበትም፤ ውኃ ጠጥቶ ነው ያበጠው። 360 ካሎሪ ያለው 100 ግራም ጥሬ ሩዝ ሲበስል ከ250 እስከ 300 ግራም ስለሚሆን፣ ከበሰለው ውስጥ 100 ግራሙ የሚይዘው 130 ካሎሪ አካባቢ ብቻ ነው። ጥሬውን መዝኖ በበሰለው ቁጥር ያሰላ ሰው የበላውን ሲሶ ያህል ብቻ ይመዘግባል። የበሰለውን መዝኖ በጥሬው ቁጥር ያሰላው ደግሞ ያልበላውን እንደበላ ቆጥሮ በከንቱ ይራባል። ፓስታም መንገዱ ያው ነው፤ 100 ግራም ደረቁ 370፣ የተቀቀለው 157 ካሎሪ ገደማ ነው።

ሥጋ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እሳት ሲያገኘው ውኃ ያጣልና። ቆዳና አጥንት የሌለው 200 ግራም ጥሬ የዶሮ ደረት 240 ካሎሪ ገደማ አለው። ዘይት ሳይነካው ሲበስል ወደ 150 ግራም ይወርዳል፤ ካሎሪው ግን ያው 240ዎቹ ውስጥ ነው። ይህን የበሰለ 150 ግራም በጥሬው ቁጥር ያሰላ ሰው 180 ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እህልና ሥጋ ጎን «ጥሬ» ወይም «የበሰለ» የሚል ቃል መታተም አለበት። የአንባቢውም ድርሻ ቀላል ነው፦ በጥሬው ከመዘነ የጥሬውን፣ በበሰለው ከመዘነ የበሰለውን ቁጥር መውሰድ። ማሸጊያ ላይ ያለው ቁጥር ሌላ ነገር ካልተጻፈበት በስተቀር ምርቱ በተሸጠበት ሁኔታ ላለው ነው፤ በደረቅ ፓስታ ፓኬት ላይ የሚነበበው የደረቁ ነው ማለት ነው።

ኩባያውን በተመለከተ፣ የዓለም ኩባያ አንድ ልክ የለውም። በአሜሪካ የምግብ ማሸጊያ ሕግ 240 ሚሊ ሊትር ነው፣ በአውስትራሊያ 250፣ በጃፓን 200። ከኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያ ጋር የሚመጣው ትንሽ መስፈሪያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 180 ሚሊ ሊትር ነው። የሾርባ ማንኪያም ቢሆን በብዙ አገር 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን በአውስትራሊያ 20 ነው። ቤት ውስጥ ያለው የመመገቢያ ማንኪያማ የትኛውንም ልክ የመከተል ግዴታ የለበትም። በዚህ ላይ ዱቄት ይታመቃል፣ ፍሬ የሆነ ምግብ በመካከሉ ክፍተት ይተዋል፤ አንድ ኩባያ ዱቄት እንደ አሰፋፈሩ ከ120 እስከ 150 ግራም ሊወጣው ይችላል። እንደ እኔ አስተያየት ኩባያና ማንኪያ ለፈሳሽ ይቆዩ፤ ለጠጣር ምግብ ግን ከካሎሪ ሠንጠረዥ ቢወጡ የሚጎዳ ሰው የለም።

ይህ ሁሉ ጥቃቅን ነገር ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። በቀን 500 ካሎሪ ለማጉደል ያቀደ ሰው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት (15 ሚሊ ሊትር፣ 120 ካሎሪ) ብሎ እየመዘገበ ከጠርሙሱ በቀጥታ 25 ሚሊ ሊትር ቢያፈስስ በእያንዳንዱ ምግብ 80 ካሎሪ ያመልጠዋል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ካበሰለ 160። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ በማሸጊያው መሠረት 32 ግራም፣ 190 ካሎሪ ነው፤ ማንኪያው ከተቆለለ በቀላሉ 50 ግራም ይደርስና 105 ካሎሪ ይጨምራል። የኮርንፍሌክስ ሰርቪንግ (ማሸጊያው ላይ የአንድ ጊዜ ተብሎ የሚጻፈው መጠን) 30 ግራም ነው፤ ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ በዓይን የሚፈስሰው 65 ግራም ቢሆን ሌላ 130 ካሎሪ ነው። ድምሩ 400 ይጠጋል። ሰውየው አንድም ምግብ አልደበቀም፣ አንድም ቀን አልዘለለም፤ ያቀደው ጉድለት ግን አብዛኛው ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በቀን ከ1200 ካሎሪ በታች እየበላን ክብደት አልቀንስ አለን ያሉ ሰዎችን ሲመረምር፣ የሚበሉትን በአማካይ በ47 በመቶ አሳንሰው እንደሚመዘግቡ አግኝቷል። የሰውነታቸው ካሎሪ የማቃጠል አቅም ግን ጤናማ ነበር። ይህን ውሸታምነት አድርጎ ማየት ተገቢ አይደለም። ዓይን ግራም አይለካም።

ቀጥሎ ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው «ሰርቪንግ» የሚባለው መጠን ነው። ዓምዳችሁ ይህን «የሚመከር መጠን» ብሎ አስቀምጦታል፤ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ይህ ቁጥር የሚወጣው ሰዎች በአንድ ጊዜ በተለምዶ ምን ያህል እንደሚበሉ ከተሰበሰበ ጥናት ነው፤ ምን ያህል መብላት እንዳለባቸው ከሚናገር ምክር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጡት መጠኖች የተመሠረቱት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በተደረጉ የአመጋገብ ጥናቶች ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሻሻሉ የአይስክሬም ሰርቪንግ ከግማሽ ኩባያ ወደ ሁለት ሦስተኛ አደገ፤ የለስላሳ መጠጥ ከ240 ወደ 360 ሚሊ ሊትር ከፍ አለ፤ እርጎ ደግሞ ወደ 170 ግራም ዝቅ አለ። አይስክሬምና ለስላሳ ከፍ ያሉት ለጤና ስለተስማሙ ሳይሆን ሰው አብዝቶ ስለሚወስዳቸው ነው። ስለዚህ «አንድ ሰርቪንግ ብቻ በላሁ» ማለት በልክ በላሁ ማለት አይደለም፤ ሰርቪንግ ከካሎሪ ቁጥሩ ጋር የተያያዘ የመቁጠሪያ አሐድ እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም።

ማሸጊያ ሲነበብ ሦስት ቁጥሮች አብረው ይታያሉ፦ የሰርቪንጉ ግራም፣ በፓኬቱ ውስጥ ያሉት ሰርቪንጎች ብዛት፣ የአንዱ ሰርቪንግ ካሎሪ። 150 ግራም የድንች ጥብስ ፓኬት ላይ «160 ካሎሪ» ተጽፎ ቢገኝ፣ ሰርቪንጉ 30 ግራም ከሆነ ፓኬቱ 5 ሰርቪንግ አለው፤ እየጨበጡ የጨረሱት 800 ካሎሪ ነው ማለት ነው። ብዛቱ ያልተጻፈ እንደሆነ የፓኬቱን የተጣራ ክብደት ለሰርቪንጉ ግራም ማካፈል ነው። የተሻለው መንገድ ግን ሰርቪንጉን ትቶ ወደ ግራም መመለስ ነው፦ 160ን ለ30 ሲያካፍሉ በአንድ ግራም 5.3 ካሎሪ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ሚዛን ላይ የተነበበውን ማባዛት ብቻ ነው የሚቀረው። ዳቦም በዚሁ ይሄዳል። ማሸጊያው «2 ቁራጭ፣ 56 ግራም» ካለ፣ ከ56 ግራሙ ጋር እንጂ ከሁለቱ ቁራጭ ጋር አይያዝ። ከተጻፈው ክብደት አጉድሎ መሸጥ ስለሚያስቀጣ አምራቾች ትንሽ አብዝተው መሙላት ይቀናቸዋል፤ ቁራጩ ከተጻፈው ሊከብድ ይችላል።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሚታተም ማሸጊያ ከዚህ ይሻላል። እዚያ በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር የተሰላው ቁጥር ግዴታ ነው፤ የሰርቪንጉ በአምራቹ ፈቃድ የሚጨመር ነው። ሁለት ምርት ለማወዳደር ከዚህ የሚመች የለም። ሆኖም እዚህም ሁለት ማሰናከያ አለ። አንደኛው ኪሎ ጁል የሚባለው ሌላ የኃይል መለኪያ ነው፤ መጀመሪያ የሚጻፈው እሱ ስለሆነ 1500 የሚለውን አይቶ የሚደነግጥ አለ። ለ4.184 ሲካፈል 358.5 ካሎሪ ገደማ ነው። መፈተሻውን አንባቢ ቢይዘው ይጠቅመዋል፦ ንጹሕ ስብ እንኳ በግራም ከ9 ካሎሪ ስለማይበልጥ፣ በ100 ግራም ከ900 በላይ የሆነ ቁጥር ካሎሪ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው ግራምና ሚሊ ሊትርን ማምታታት ነው። የዘይት ጠርሙስ በ100 ሚሊ ሊትር 820 ካሎሪ ገደማ ሊል ይችላል፤ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ግን የሚመዝነው 92 ግራም ነው፤ ስለዚህ በሚዛን የሚለካ ሰው በግራም 9 ብሎ ቢያሰላ ይሻለዋል። አይስክሬም ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። ሲሠራ አየር ስለሚነፋበት 100 ሚሊ ሊትሩ 50 ወይም 60 ግራም ብቻ ሊመዝን ይችላል። በሚሊ ሊትር የተጻፈውን 100 ካሎሪ ይዞ 100 ግራም መዝኖ የበላ ሰው እስከ ሁለት እጥፍ ወስዷል።

ስለ «0 ካሎሪም» ጥቂት ልበል። በአሜሪካ ሕግ በአንድ ሰርቪንግ ከ5 ካሎሪ በታች የሆነ ነገር 0 ተብሎ መጻፍ ይችላል፤ ከ0.5 ግራም በታች የሆነ ስብም እንዲሁ 0 ነው። የሚረጭ የመጥበሻ ዘይት ሰርቪንጉ የሩብ ሰከንድ ርጭት ሆኖ 0.25 ግራም ስለሚሆን 0 ይባላል። መጥበሻውን ሩብ ሰከንድ ረጭቶ የሚያቆም ሰው ካለ ይታይ፤ አራት ሰከንድ ከተረጨ 4 ግራም ዘይት፣ 35 ካሎሪ ገደማ ነው። በሕጉ መሠረት የተጻፈው ካሎሪ ራሱም እስከ 50 ድረስ ወደ ቅርቡ 5፣ ከ50 በላይ ወደ ቅርቡ 10 ይጠጋጋል። በላቦራቶሪ ሲፈተሽ ደግሞ ከተጻፈው እስከ 20 በመቶ ቢበልጥ ይታለፋል። ይህንን ማንም አንባቢ ሊያስተካክለው ስለማይችል አይጨነቅበት፤ በእጁ ያለው የመጠኑ ስሕተት ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል።

ዓምዳችሁ ሚዛን ስለመጠቀም አንድም ቃል አላለም። በግራም የሚያነብ፣ እስከ 5 ኪሎ የሚሸከም ዲጂታል የኩሽና ሚዛን በቂ ነው። ባዶውን ሳሕን አስቀምጦ «ዜሮ» የሚለውን ቁልፍ መጫን፣ ምግቡን መጨመር፣ ማንበብ፤ ቀጣዩን ለመጨመር እንደገና ዜሮ ማድረግ። ለዘይትና ለኦቾሎኒ ቅቤ የሚሻለው ግልባጩ ነው፦ ጠርሙሱን ወይም ማሰሮውን እንዳለ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ዜሮ ማድረግ፣ የሚፈለገውን መውሰድ፣ መልሶ ማስቀመጥ። ሚዛኑ የሚያሳየው በመቀነስ ምልክት የተጻፈ ቁጥር የተወሰደው መጠን ነው። ማንኪያው ላይ ተጣብቆ የቀረውና የተላሰውም አብሮ ይቆጠራል፤ የዚህ ዘዴ ጥቅሙ እሱ ነው። የብዙ ቤት ሚዛን ሁለትና ሦስት ግራም ሲደረግበት ስለማይነቃ፣ ቅመምና ስኳር በትንሽ በትንሹ እየነሰነሱ መለካት አያዋጣም፤ በአንድ ጊዜ ይጨመር። ሚዛኑም ደልዳላ ነገር ላይ ይቀመጥ፤ ፎጣ ላይ ከተቀመጠ ቁጥሩ አይታመንም።

አንባቢዎችን በጣም የሚያስቸግረው በአንድ ድስት ተቀላቅሎ የተሠራ ምግብ ነው። መፍትሔው ባዶውን ድስት መዝኖ መጻፍ ነው፤ 900 ግራም ነው እንበል። ከዚያ የሚገባው ሁሉ በጥሬው ይመዘናል፦ ሩዝ 300 ግራም (1080 ካሎሪ)፣ ዘይት 40 ግራም (355)፣ ሽንኩርት 150 ግራም (60)፣ ካሮት 200 ግራም (80)። ውኃና ጨው ካሎሪ የላቸውም። ድምሩ 1575 ነው። ሲበስል ድስቱ እንዳለ ይመዘናል፤ 2050 ግራም ከሆነ 900ው ሲቀነስ ምግቡ 1150 ግራም ነው። 1575 ለ1150 ሲካፈል በግራም 1.37 ካሎሪ ይመጣል። ሳሕን ላይ የወጣው 350 ግራም ከሆነ 480 ካሎሪ ነው። «ለአራት ሰው ተከፈለ» ብሎ ለአራት ያካፈለ 394 ይጽፋል፤ ጭልፋ ግን እኩል አያካፍልም። የሚረሳው ነገር ሁለት ነው፤ አንዱ የድስቱ ባዶ ክብደት ነው፣ ከምግቡ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ሊታወቅ አይችልምና ከድስቱ ሥር በማይለቅ ቀለም ቢጻፍ መልካም ነው። ሌላው መረቅ ነው። ቀጭን መረቅ ያለው ወጥ ሲወጣ ለአንዱ ሥጋውና ዘይቱ፣ ለሌላው ውኃው ሊደርስ ስለሚችል ከመጭለፍ በፊት በደንብ ማማሰል ያስፈልጋል። እንዲህም ሆኖ ግምት መሆኑ አይቀርም።

ሁሉም ነገር ይመዘን ማለቴ ግን አይደለም። ሰላጣ ቅጠል በ100 ግራም 15 ካሎሪ ነው፤ በ50 ግራም ቢሳሳቱበት 8 ካሎሪ እንኳ አይሞላም። ዘይት ላይ 10 ግራም መሳሳት 90 ካሎሪ ነው። ስለዚህ ዘይትና ቅቤ፣ ኦቾሎኒና አልመንድ፣ አይብ፣ ስኳርና ማር፣ ደረቅ እህልና ፓስታ ሁልጊዜ ይመዘኑ። ሥጋና ፍራፍሬ ይከተላሉ። ቅጠላ ቅጠል፣ ቲማቲም፣ ዱባና ዱባ መሰል አትክልት ያለ ዘይት እስከቀረቡ ድረስ በዓይን ቢገመቱ ምንም አይደለም። ፍራፍሬ ላይ መታወቅ ያለበት የሚበላው ክፍል ብቻ እንደሚቆጠር ነው። የሙዝ ልጣጭ ከክብደቱ ሲሶ ገደማ ስለሚይዝ ከነልጣጩ 180 ግራም የመዘነ ሙዝ 120 ግራም ይበላል፤ በ100 ግራም 89 ካሎሪ ሲሰላ 107 ይሆናል። በቆርቆሮ የታሸገ ዓሣና ባቄላ ደግሞ ቁጥሩ ፈሳሹ ተጠንፍፎ ላለው ይሁን ከነፈሳሹ በማሸጊያው ላይ ይነበብ፤ ዘይት ውስጥ ያለ ዓሣ ከሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

መመዘን ያለበትም ከመበላቱ በፊት ነው፤ ከበሉ በኋላ ማስታወስ አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2002 የሥነ ምግብ ተመራማሪዋ የባርባራ ሮልስ ቡድን ለተመሳሳይ ሰዎች በተለያየ ቀን ከ500 እስከ 1000 ግራም ማካሮኒ በአይብ አቅርቦ ነበር፤ ትልቁ ሲቀርብላቸው ከትንሹ ይልቅ 30 በመቶ የበለጠ ካሎሪ በልተዋል። የቀረበው መጠን ራሱ አመጋገቡን ይጎትታል። ከትልቅ ፓኬት በቀጥታ ከመብላት ይልቅ መዝኖ ወደ ሳሕን አውጥቶ ፓኬቱን መልሶ ማስቀመጥ የሚሠራውም ለዚህ ነው።

በመጨረሻ የምጠቅሰውን ዓምዳችሁ ጨርሶ ዘልሎታል፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። በምግቡ ካርቦሃይድሬት ልክ ኢንሱሊን የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን ይህንኑ ሠንጠረዥ ያነብባሉ። የጥሬና የበሰለ መምታታት ለሌላው ሰው የክብደት ጉዳይ ሲሆን ለእነሱ የመድኃኒት መጠን ጉዳይ ነው። 100 ግራም የበሰለ ነጭ ሩዝ 28 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም ጥሬው ደግሞ 80 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። የበሰለውን በጥሬው ቁጥር ቆጥሮ ኢንሱሊን የወሰደ ሰው የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ሠንጠረዡ የካርቦሃይድሬት ግራምም ቢኖረው፣ ካልሆነም ለኢንሱሊን ስሌት እንደማያገለግልና ሐኪም ማማከር እንደሚገባ በጉልህ ቢጻፍበት ይገባል። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና ከዚህ በፊት የአመጋገብ መታወክ ያጋጠማቸው ሰዎችም በራሳቸው ካሎሪ መቁጠር እንዳይጀምሩ አብሮ ቢነገር።

ለሚቀጥለው እትም የሚሆኑ ጥቂት መስመሮችን እነሆ፦ ነጭ ሩዝ፣ የበሰለ፣ 100 ግራም፣ 130 ካሎሪ። ፓስታ፣ ደረቅ፣ 56 ግራም፣ 207። የምግብ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ (15 ሚሊ ሊትር፣ 13.5 ግራም)፣ 120። የዶሮ ደረት ያለ ቆዳ፣ ጥሬ፣ 100 ግራም፣ 120፤ የበሰለ፣ 100 ግራም፣ 165። ሙዝ፣ የተላጠ፣ 100 ግራም፣ 89። የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 32 ግራም፣ 190። አልመንድ፣ 28 ግራም (23 ፍሬ ገደማ)፣ 164። እንቁላል፣ ያለ ቅርፊት፣ 50 ግራም፣ 72። ቦታ ከጠበበ የምግቦቹ ቁጥር ይቀነስ፤ ግራሙና «ጥሬ» ወይም «የበሰለ» የሚለው ግን አይውጣ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ